ሐሙስ የሞተው ሜዳ

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ተነሥቶ ወደ ቦርከና በሚወርደው ዳገት ወገብ ላይ፣ ድንኳን ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው መሐሉ ላይ ካለው ሜዳ ነው፤ ዛሬ ከሜዳው በላይ በኩል ትምህርት ቤቱ፣ ከታች በኩል የሕዝብ የውሃ ቦኖው፣ ከቦኖው አጠገብ ደግሞ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት መናፈሻ አለ፤ በዚያ መናፈሻ ከሰዓት በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሰፈሩ ቅሬ የለቅሶ ድንኳኑን አውጥቶ ሜዳው ላይ ይተክላል። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ሆኖ የሚቀባበርበት። ድንኳኑ ግን የሚተከለው ሰው ሞቶ አይደለም።

ይህን የማያውቅ መንገደኛ ሁልጊዜ ይሳሳታል። አምና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ድንኳኑን አይቶ መኪናውን አቆመና ኮፍያውን አውልቆ ገባ፣ ጥግ ይዞም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ብዙ ከቆየ በኋላ አጠገቡ ያለችውን ሴት በሹክሹክታ «ማን ነው የሞተው?» ቢላት፣ «ማንም» አለችውና ዳቦ አቀበለችው። ሰውየው ዳቦውን ይዞ ግራ እንደገባው ወጣ። ቢጠይቅ ኖሮ ማንም ይነግረው ነበር፤ ነገሩ አባቶችና እናቶች እንደሚሉት እንዲህ ነውና።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው ይባላል፣ ዓመቱን ግን በትክክል የሚያውቅ የለም። ያኔም እንደ ዛሬው ደሴ ዳገት ነበረች። ሰርግ ሲሆን ሙሽሮቹ እንዳይዘነበሉ ወንበራቸው ሥር ድንጋይ ይደረግ ነበር፤ ልጆች የጨርቅ ኳሳቸው ካመለጣቸው ወርደው ቦርከና ነው የሚያገኙት፣ ያውም ካገኙት። ከዚያ ሁሉ ዳገት መሐል አንድ ቦታ ብቻ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ተኝቷል። ስም እንኳ አልነበረውም፣ «ደልዳላው» ነው የሚባለው። እህል የሚሰጣው እሱ ላይ፣ ሰርግ የሚደገሰው እሱ ላይ ነው፤ ወደ መቃብር የሚወጣ ሬሳም ተሸካሚዎቹ ትከሻ እንዲለዋወጡ እዚያ ያርፋል። ለቅሶም ሲሆን የቅሬው ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነበር፤ ሌላማ ካስማ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ከየት ይመጣል።

በዚያን ጊዜ በሰፈሩ ሸምሲያ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰፌድ እየሰፋች የምትኖር። ምላሷ ከወስፌዋ ይበልጥ ይወጋ ነበር ይባላል። ራቢያ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቱ ፊደል የምትማረው ቦርከናን ተሻግራ ነው፤ ወዲህ ማዶ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረምና። አንድ የበልግ ቀን ስትመለስ ደራሽ ውሃ ወሰዳት፤ ልብስ የሚያጥብ ሰው የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ባያስቀራት ኖሮ ይህ ታሪክም አይወራም ነበር። ሸምሲያ ልጇን አድርቃ፣ አጉርሳ፣ «ከእንግዲህ ያን ውሃ አትሻገሪም» አለቻት፤ አላሻገረቻትምም። በነጋታው ግን እናቷ ከገበያ ስትመለስ የቤቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ልጅቱ ቁመት ድረስ በከሰል ፊደል ተሞልቶ አገኘችው። ሸምሲያ አንዷን ፊደል እንኳ አታውቅም። ቢሆንም ግድግዳውን አልለቀለቀችውም።

ከዚህ በኋላ ነው ከማዘጋጃ ቤት ወሬ የመጣው። ወዲህ ማዶ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው፤ ቀያሹ ቅዳሜ መጥቶ ቦታ ያያል፤ ባለቤት የሌለውና የደለደለ መሬት ከተገኘ እዚያው ይሠራል፣ ካልተገኘ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ሰፈሩ ደስ አለው። የደለደለ መሬት ቢባል ከደልዳላው ሌላ ምን አለ!

ወሬውን ግን ጓንጉልም ሰማ። ጓንጉል ቆዳ ነጋዴ ነበረ፤ የሚነግደው ቆዳ ሽታ ከሱ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር ይሉታል፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም የሚሉም አሉ፣ እናቱን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዛቸው። ብዙ ዘመን ደልዳላው ላይ የቆዳ መጋዘን ልሥራ እያለ ሲያመነታ ኖሮ፣ መንግሥት ሊወስደው ነው ሲባል እንቅልፍ አጣ። ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኞችና አንድ ክምር ለጋ የኮርች ችካል ይዞ መጣና በታች በኩል ማጠር ጀመረ። «የአባቴ መሬት ነው» አለ። ሽማግሌዎች ሄደው «ወረቀት አለህ?» ቢሉት፣ «እናንተስ አላችሁ?» ብሎ መለሰላቸው። ማንም አልነበረውም። ስለ ደልዳላው ወረቀት ይኑር ብሎ ያሰበ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ አልተፈጠረም።

ረቡዕ ሴቶቹ ሄደው ሜዳው መሐል ቁጭ አሉ። ጓንጉልም ሠራተኞቹን ዙሪያቸውን እንዲያጥሩ አዘዘና ቆሞ ተመለከታቸው።

«ታቀፉት» አላቸው። «ሲፈለፈል ጥሩኝ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሴቶቹም ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ ተነሡ፤ ቤት ውስጥ ድስት የጣደች አለች፣ ልጅ ያስተኛች አለች። ሸምሲያ ግን ከሜዳው ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ሽበሺ ሄደች። ሽበሺ የቅሬው ጠሪ ነው፤ ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቶ የሚለፍፍ፣ የድንኳኑም ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው።

«አያ ሽበሺ፣ ድንኳኑን አውጣ።»

«ማን ሞቶ?»

«ደልዳላው።»

ሽበሺ እያሾፈች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየ። አላሾፈችም።

«አንቺ ሴት፣ ድንኳን የሚወጣው ለአባል ነው። ሜዳ አባል አይደለም።»

«አባል አድርጉታ።»

«አባል የሚሆን ሰው ለቅሶ ይደርሳል። ሬሳ ይሸከማል። ሲጠራ አይቀርም።»

«እሱ መቼ ቀርቶ ያውቃል? የባሌ ሬሳ ያረፈው እሱ ላይ አይደለም? የእናትህስ? ያ ድንኳናችሁ ስንት ዘመን የቆመው በማን ጀርባ ላይ ነው? ይልቅስ አያ ሽበሺ፣ አምና የነከድጃ ለቅሶ ላይ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ይህ እውነት ነበር፤ ሽበሺ በዚያ ለቅሶ ቀርቶ በሰው ፊት ተወቅሷል። ስለዚህ ብዙ አልተከራከራትም፤ ነጠላውን ደርቦ የቅሬው ዳኛ ወደነበሩት ወደ ሼህ ኑርዬ ወሰዳት። ሼሁ ነገሩን ሰምተው መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። ከዚያ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሽማግሌ አስጠሩና፣ «ይህ ሊገባ የመጣው አባል የቀረበትን አንድ ለቅሶ የሚያውቅ ይናገር» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተናገረ አልነበረም።

«እንግዲያ ጻፉት» አሉ ሼሁ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ደልዳላው» ብሎ ጻፈና ቀና አለ። «የአባት ስም?»

ሼህ ኑርዬ በመስኮት ወደ ተራራው አዩ።

«ጦሳ በለው» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ደልዳላው ጦሳ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የቅሬ አባል ሆነ፤ በነጋታው ሐሙስ ሞተ። ሼሁ ግን ውሸት አልፈቀዱም። ለሽበሺ «ሞተ ብለህ አትጥራ፤ ለቅሶ አለ፣ ደልዳላው ላይ ብለህ ጥራ። ይኸው ነው፣ ውሸት የለበትም» እንዳሉት ይነገራል።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሽበሺ ጉብታው ላይ ወጣ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ለቅሶ አለ፣ ደልዳላው ላይ» እያለ ሦስት ጊዜ ጠራ። ሰው ሁሉ ስለ ሟቹ ስም አለመጠራት እየተነጋገረ ወጣ። በእኛ አገር ቅሬ ከጠራ የሚቀር የለም፤ ለቅሶ ባለበትም ቦታ ድንኳን ከተተከለ እስከ ሦስተኛው ቀን ዶማ አይነሣም፣ ጉድጓድ አይቆፈርም፣ የድንኳኑን ገመድ የሚነካ የለም። ጠርተውት የቀረ፣ ወይም ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ጥሎ የሄደ፣ የእሱ ወይም የቤተሰቡ ቀን ሲመጣ ሬሳ የሚያነሣለት አያገኝም። ከዚህ የሚከፋ ቅጣት ቅሬ የለውም፤ አያስፈልገውምም።

ጓንጉልም የቅሬ አባል ነው። ከዚያም አልፎ፣ እንደሚባለው፣ በዚያ ወር ድንኳን የመትከሉ ተራ የደረሰው ለእሱ ነበር። ስለዚህ ልብሱን ደርቦ እየሮጠ መጣና፣ ራሱ ባስጀመረው አጥር መሐል፣ በገዛ እጁ ካስማውን መታ፣ ገመዱን ወጠረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አዘቅዝቀው ሲያዩት ቆዩ፤ ከመካከላቸው ሳቋ አምልጧት ሳል ያስመሰለች ነበረች ይባላል። ሠራተኞቹም ዶማቸውን አስቀምጠው ገቡና ተቀመጡ። ጓንጉል ላቡን ጠርጎ ከሽበሺ ጎን ተቀመጠና፣ ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ ጠጋ አለው።

«ማን ነው የሞተው?»

«ደልዳላው ጦሳ።»

«አላውቀውም። የት ነበር የሚኖር?»

«እዚሁ።»

«ሬሳውስ?»

«ተቀምጠህበታል» አለው ሽበሺ።

ጓንጉል መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ብድግ ብሎ ቆመ። ሼህ ኑርዬ ከመቁጠሪያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ልጅ ጓንጉል፣ የሚሄድ ሰው አይያዝም፤ በሩ ክፍት ነው» አሉት። በሩ ክፍት መሆኑን እሱም ያያል። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ እናቱ አሉ፤ እሜት የውብዳር፣ ከተኙ ሁለት ዓመት ያለፋቸው። የእሳቸው ቀን ሲመጣ ማን ይሸከማቸዋል? ጓንጉል ይህን አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሲቀመጥ ግን እንዲህ አለ፦ «እሺ፣ ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ቀያሹ ሲመጣ ግን መሬቱ የኔ ነው እለዋለሁ። ድንኳን ዶማ ይከለክላል እንጂ አፍ አይከለክልም።»

ይህም እውነት ነበር። ሸምሲያ ሰማችው፤ ሌሎቹም ሰሙት። ቀያሹ፣ ባለቤት ነኝ ባይ ከተነሣ ክርክር ውስጥ ላለመግባት ወደ ሌላ ሰፈር መሄዱ አይቀርም። ሐሙስ እንዲህ አለፈ፤ ዓርብም አለፈ። ጓንጉል ከነጋ እስኪመሽ ተቀምጦ ጺሙን ያሻሻል፣ ሸምሲያ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሰፌዷን ትሰፋለች። በለቅሶ ቤት ሥራ ይዞ መምጣት ነውር ነው ያሏት ሴቶች ነበሩ፤ «ሟቹ ይፈቅዳል» አለቻቸው ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀያሹ ከመድረሱ በፊት፣ እሜት የውብዳር መጡ። ማንም አልጠበቃቸውም። የሐሙሱን ጥሪ ከአልጋቸው ሆነው ሰምተው፣ ልጃቸውን ማን ሞተ ቢሉት «የማታውቂው ሰው ነው» እያለ ሲያድበሰብስባቸው ሁለት ቀን ከርመው፣ በሦስተኛው ቀን «ቅሬ ጠርቶኝ አልቀርም፣ ነገ እኔም እጠራለሁ» ብለው በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የጎረቤት ትከሻ ይዘው ዳገቱን ወረዱት። ጓንጉል ሲያያቸው ደነገጠና ሊደግፋቸው ተነሣ፤ እሳቸው ግን አልፈውት ሸምሲያ ፊት ቆሙ።

«ማን ነው፣ ልጄ?»

ሸምሲያ ያን ሰዓት ምላሷ ከዳት ይላሉ። ለእኒህ አሮጊት መቀለድ አልሆነላትም። «ደልዳላው ነው፣ እሜት። ሊያጥሩት ነው። ከታጠረ ልጆቻችን መማሪያ የላቸውም» አለቻቸው። ማን ሊያጥረው እንደሆነ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ በድንኳኑ በር በኩል ችካሎቹን አዩ፣ ችካሎቹ የተቆረጡት ከገዛ ጓሯቸው መሆኑን ደግሞ ዓይናቸው ለመለየት አልደከመም።

እሜት የውብዳር አልሳቁም። ምርኩዛቸውን ተክለው፣ በደከመ ድምፅ፣ ለእውነተኛ ሟች እንደሚደረገው ሙሾ አወረዱ፦

«ስዳር ዳሴን ይዘህ አንተ አሰናበትከኝ፣
ባሌን ስቀብረው አንተ ደገፍከኝ፤
የማንም ሳትሆን ሁሉን ያሳረፍክ፣
ምነው ባንድ ሰው እጅ ዛሬ ታጠርክ።»

ያን ጊዜ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ለዘዴ የተጀመረው ለቅሶ የምር ሆነ፤ እያንዳንዱ እዚያ ሜዳ ላይ ያሳረፈው የራሱ ሬሳ ነበረውና አባቱን ያስታወሰ አባቱን፣ ልጁን ያስታወሰች ልጇን አለቀሰች። ሽበሺ፣ ስንት ዘመን ሞት ሲጠራ ያላለቀሰው ሰውዬ፣ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ጓንጉል ብቻ ደርቆ ተቀመጠ።

ቀያሹ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። የሌላ አገር ሰው ቢሆንም ወግ የሚያውቅ ኖሯል፤ የመለኪያ ሰንሰለቱን ውጭ አስቀምጦ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እንባው እስኪቆም ጠበቀ። ከዚያ «ያጽናችሁ። ለቦታ ጉዳይ ነበር የመጣሁት፤ ጊዜው ካልሆነ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለ።

«ጊዜው ነው» አሉት ሼህ ኑርዬ።

«እንግዲያው ልጠይቅ። ይህ መሬት ባለቤት አለው ሲባል ሰምቻለሁ። ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ጓንጉል ዞረ። እናቱ ብቻ አልዞሩም፤ ምርኩዛቸውን እንደያዙ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጓንጉል ተነሥቶ ቆመ። ሸምሲያ ወስፌዋን ጨብጣ ጣቷን እንደወጋች ያወቀችው በኋላ ነው ይባላል።

«ባለቤት የለውም» አለ ጓንጉል። «ዘመድ ነው ያለው። ዘመዶቹም እኛ ነን።»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት እናቱ።

ቀያሹ ሰንሰለቱን ድንኳኑ እንደቆመ ዘረጋ። የላይኛውን ለትምህርት ቤት ለካ፤ የታችኛውን ለልጆች መጫወቻ ይሁን ብሎ ጻፈ። እሱ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ድንኳኑ እንዴት ይነሣ? ያልተቀበረ ሰው ድንኳን ተነሥቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ቆይተው ሽበሺን ወደ ጉብታው ላኩት። ሽበሺ እየወጣ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሞት ነው የጠራሁት፤ ይሄን በምን ድምፅ እንደምጠራው አላውቅም» ይል ነበር አሉ። ወጥቶ ግን ጠራው።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ደልዳላው ድኗል።»

ሴቶቹ ከለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልልታውን ለቀቁት። እልልታው ቦርከናን ተሻገረ፤ ማዶ ያሉት ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው፣ «እነዚያ ሰዎች አበዱ፤ በለቅሶ ላይ እልል ይላሉ» ተባባሉ ይባላል። ሸምሲያ እልልታዋን ጨርሳ ወደ ጓንጉል ዞረችና፣ «ተፈልፍሏል፤ ጥሩኝ ብለህ ነበር» አለችው። ጓንጉል በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ያም ሆኖ የትምህርት ቤቱ ግንብ እስኪሠራ ድረስ ድንኳኑ አልተነሣም። ሰኞ ዕለት መምህር ተገኝቶ ልጆቹ እዚያው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ፊደል ጀመሩ፤ ከፊት ራቢያ ነበረች፣ እጆቿ በከሰል እንደጠቆሩ። በመሐል ሰው ሲሞት ድንኳኑ ለለቅሶ ይለቀቃል፣ ልጆቹ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይማራሉ፣ በአራተኛው ይመለስላቸዋል። እሜት የውብዳር ባረፉ ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ ሬሳቸውን ሰፈሩ በሙሉ ትከሻ እየተቀባበለ ተሸክሞ ሜዳው ላይ አሳረፈው፣ ልጆቹም ቆመው አሳለፏቸው። ራቢያ አድጋ እዚያው አስተማሪ ሆነች የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ኮምቦልቻ አግብታ ሄደች የሚሉም አሉ። የሁለቱም ወገን ሰዎች ዘመዶቿ ነን ይላሉ።

ውሃውም የመጣው በትምህርት ቤቱ ምክንያት ነው፤ ለልጆቹ ተብሎ የተዘረጋው ቧንቧ ለሰፈሩም ተረፈ። ጓንጉል የተከላቸው ችካሎች ደግሞ ማንም ሳይነቅላቸው ክረምት ሲገባ አቆጠቆጡ ይባላል፤ ኮርች እንደዚያ ነው፣ ቆርጠው ቢተክሉት ይበቅላል። የመናፈሻው ቀይ አበባ የሚያወጡት ዛፎች እነሱ ናቸው ይላሉ። ሁሉም ግን እነሱ አይደሉም፤ ከቦኖው በኩል ያሉትን ሦስቱን ተማሪዎች ሲተክሏቸው ያየን በሕይወት አለን።

ዛሬም በዚያች ቅዳሜ ድንኳኑ ሲተከል ዓመታዊው የቅሬ ስብሰባ እዚያው ውስጥ ይደረጋል። ጠሪው መዝገቡን ይዞ የአባላቱን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ የተጠራውም «አቤት» ይላል። «ደልዳላው ጦሳ» ሲባል ግን ስለ እሱ መመለስ ለማንም አይፈቀድም፤ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ጠሪውም ጆሮውን ወደ ውጭ ሰጥቶ ይጠብቃል። ከድንኳኑ ውጭ የትምህርት ቤቱ ልጆች ይሮጣሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ኳስ ይለጋሉ፣ «ለኔ አቀብለኝ» ይባባላሉ። ጠሪው ያን በደንብ ከሰማ በኋላ ለጸሐፊው ራሱን ይነቀንቃል፣ ጸሐፊውም ከስሙ ትይዩ «ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል።